ያለ መክፈቻ የሚከፈት አውቶሞቢል ከሌባ የሚጠበቀው እንዴት ነው?

በመርካቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ብዙ ዘመን የቆዩ አንድ ደንበኛችን ባለፈው ወር ከአሠሪዬ መደብር በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ አውቶሞቢል ገዙ። ዲክላራሲዮኑንና የሽያጩን ውል አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ፣ የሻንሲውንም ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ካመሳከሩ በኋላ ከወንበራቸው ሳይነሡ ጥቂት ቆዩ። «የጎደለ ነገር አለ ወይ ጋሼ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «መክፈቻው ነዋ፣ ልጄ!» አሉኝ። መክፈቻው ግን ፊታቸው ተቀምጦ ነበር፤ ይኸውም በመዳፍ የሚጨበጡ ሁለት ሪሞቶችና የመታወቂያ ወረቀት የሚያህል አንድ ካርድ ነው። አንዱን ሪሞት አንሥተው በእጃቸው መዘኑትና «ይህማ የልጅ መጫወቻ ነው። ብረት የሌለበት ቁልፍ ሌባን እንደ ምን አድርጎ ይከለክላል?» አሉኝ። በዚያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ያልተሟላ ስለ ነበረ፣ የተሻለውን መልስ በዚህ ሳምንታዊ ጽሑፍ ለእርሳቸውም ለሌሎች ነጋዴዎችም ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ አስመጪው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች አዙሯል። ከእነዚህም የሚበዙት በመሪው አጠገብ መክፈቻ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። ሻጩ የሚሸጠውን፣ ገዢውም የሚገዛውን ያውቅ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማየት ይበጃል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ሳይባል የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ብረቱ መክፈቻ እንናገር። የብረት መክፈቻ ጥርሱ ከቁልፉ ውስጥ ጋር ካልገጠመ አይዞርም፤ ጥበቃውም ይኸው ብቻ ነው። ቁልፉ በኀይል ከተሰበረ ከበስተኋላው የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ የለምና፣ የተረፈውን ክፍል ማዞር የቻለ ማንም ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል። ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአሜሪካ አገር የደረሰው ነገር በግልጽ ያስረዳል። ሀዩንዳይና ኪያ የተባሉት የደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎች ከ2011 እስከ 2022 ሞዴል ድረስ ለአሜሪካ ገበያ ካቀረቧቸው አውቶሞቢሎች መካከል በዋጋ አነስ ያሉት፣ በብረት መክፈቻ የሚነሡት ብዙዎቹ፣ ሞተርን ከሌባ የሚያግድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልነበራቸውም። መሣሪያውን የእኛ ጋራዦች ኢሞቢላይዘር ይሉታል። በ2015 ሞዴል የሌሎች ፋብሪካዎች አውቶሞቢሎች በመቶ 96ቱ ይህን መሣሪያ ከፋብሪካ ይዘው ሲወጡ፣ ከሁለቱ ኩባንያዎች ግን በመቶ 26ቱ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ለጥቂት ዓመታት ሳይታወቅ ቆየና በ2021 ሚልዋኪ በምትባለው ከተማ ወጣቶች ደረሱበት። የመሪውን ሥር ሽፋን እየገነጠሉ፣ ቁልፉን እየነቀሉ፣ በስልክ ባትሪ መሙያ ገመድ ጫፍ ሞተሩን ያስነሡ ጀመር። በ2022 ዘዴው በቲክቶክ ፊልም ወጥቶ በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚሁ ስርቆት ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 የመኪና አደጋዎች መድረሳቸውንና 8 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ኩባንያዎቹም 8.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ አውቶሞቢሎች የኮምፒዩተር ማሻሻያ ያለ ክፍያ ለመስጠት ተገደዱ። ማሻሻያውን ያገኙት አውቶሞቢሎች የሚሰረቁበት መጠን ከግማሽ በላይ መቀነሱ ኋላ ተረጋግጧል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከነዚሁ ፋብሪካዎች፣ በነዚያው ዓመቶች፣ ያንኑ ስም ይዘው የወጡትና አዝራር በመጫን የሚነሡት አውቶሞቢሎች በዚህ ዘዴ አልተሰረቁም። መልኩ፣ በሩና መስታወቱ አንድ ነው። ልዩነቱ በእነዚህኞቹ ሞተሩን የሚያስነሣው ብረት ሳይሆን ቃል መሆኑ ነው።

ቃል ማለቴ የሌሊት ዘበኛ የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል የመሰለ ነገር ስለሆነ ነው። በሪሞቱ ውስጥ (በአንዳንዱም የብረት መክፈቻ እጀታ ውስጥ) የሩዝ ፍሬ ብትበልጥ እምብዛም የማትበልጥ ቺፕ ተቀብራለች። አውቶሞቢሉ ከመነሣቱ በፊት በራዲዮ ሞገድ አንድ ቁጥር ይልክላታል፤ ያም ቁጥር በየጊዜው አዲስ ነው። ቺፗ የተላከላትን ቁጥር ከያዘችው ምስጢር ጋር አስልታ መልሱን ትልካለች። አውቶሞቢሉም ያንኑ ምስጢር ስለሚያውቅ ራሱ አስልቶ ያመሳክራል። ሁለቱ ከገጠሙ ይነሣል። ካልገጠሙ ግን ሌባው መሪውን ቢሰብር፣ ሽቦውን ቢያገናኝ ሞተሩ ኀይል አያገኝም። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ ከቶ አለመነገሩ ነው፤ የሚመላለሰው ጥያቄውና መልሱ ብቻ ስለሆነ፣ ተደብቆ ያዳመጠ ሰው የትናንቱን መልስ ይዞ ቢመጣ የዛሬው ጥያቄ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህ መሣሪያ በአዲስ የቤት አውቶሞቢሎች ሁሉ ላይ እንዲገጠም ከ1998 ጀምሮ በሕግ አዘዘ፤ አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። አሜሪካ ግን ለፋብሪካዎቹ ፈቃድ ተወችውና ከላይ የተተረከው ደረሰባት። በሆላንድ የነበረውን የስርቆት መዝገብ የመረመሩ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ትእዛዙ ስርቆትን በእጅጉ እንደቀነሰና የመሣሪያው ወጪ ካዳነው ንብረት ጋር ሲተያይ ጥቂት እንደሆነ ጽፈዋል። ከሌቦቹም ከፊሎቹ መሣሪያው ወደሌላቸው አሮጌ አውቶሞቢሎች ዞረዋል፤ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

የሞተሩ ነገር ይህን ከመሰለ፣ የበሩ ነገር ግን የራሱ ታሪክ አለው። የፈረንሳዩ ሬኖ በ1982 ፉዌጎ በተባለው አውቶሞቢሉ ላይ በርን ከሩቅ የሚከፍት በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጣ። ቀጥለው የመጡት የራዲዮ ሪሞቶች ግን ብዙዎቹ አንድ ደካማ ጎን ነበራቸው፤ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ቁጥር ይናገሩ ነበር። ሌባው በመኪና ማቆሚያ ተቀምጦ ቁጥሩን በመሣሪያ ይቀዳል፤ ባለቤቱ ዞር ሲል መልሶ ያሰማዋል፤ በሩም እንደ ጌታው ይታዘዝለታል።

ለዚህ መድኀኒት ከሆኑት መካከል ኪሎክ የተባለው ዘዴ የተገኘው በእኛው ክፍለ ዓለም፣ በደቡብ አፍሪካ ነው። ናኖቴክ የተባለ ኩባንያ በ1980ዎቹ ሠራው፤ በ1995 ማይክሮቺፕ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የዘዴውን ጠባይ ለነጋዴ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ደረሰኝ ነው። የደረሰኝ ጥራዝ ተራ ቁጥሩ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይሄድ፣ ሪሞቱም አንድ ጊዜ በተጫኑት ቁጥር ሁሉ ወደ ቀጣዩ ቁጥር ያልፋል። ያንንም በምስጢር ጽሕፈት ሸፍኖ ይልከዋል። አውቶሞቢሉ በበኩሉ የት እንደደረሰ ይቆጥራል፤ ያለፈ ቁጥር ይዞ የመጣውን አይቀበልም። ሕፃን ልጅ ቤት ውስጥ ሪሞቱን እየተጫነ ቢጫወትበትስ? አውቶሞቢሉ ጥቂት ቁጥር ቢዘለል ይቅርታ ያደርጋል፤ በኪሎክ እስከ 16 ድረስ ያለ ምንም ችግር ይቀበላል። ከዚያ ካለፈ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጫን ይበቃል። ሪሞት አልታዘዝ ሲላቸው ወዲያው ወደ ጋራዥ የሚሮጡ ደንበኞች ይህን ቢያውቁ ገንዘብ ይተርፋቸዋል።

ይሁንና ምስጢር ምስጢር የሚሆነው የያዘው ሰው ጥቂት ሲሆን ነው። በ2008 የጀርመን አገር ተመራማሪዎች የኪሎክን ምስጢር ከሪሞቱና ከመቀበያው እንዴት ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ2016 ደግሞ የእንግሊዝና የጀርመን ተመራማሪዎች የፎልክስቫገን ቡድን ፋብሪካዎች ከ1995 ጀምሮ በሸጧቸው ወደ 100 ሚሊዮን በሚጠጉ አውቶሞቢሎች የበር ሪሞት ላይ በጣት የሚቆጠሩ ምስጢሮች ብቻ በጋራ ሲሠራባቸው እንደቆዩ አጋለጡ። ለአንድ ከተማ መደብሮች ሁሉ አንድ ዐይነት መክፈቻ ማደል ማለት ነው። የተጋለጠው የበሩ ምስጢር እንጂ የሞተሩ አጋጅ እንዳልነበረ ግን መጨመር ይገባል፤ በሩ የተከፈተለት ሌባ ዕቃ ይወስዳል እንጂ መኪናውን በዚህ ብቻ ነድቶ አይሄድም።

አሁን ወደ ዛሬዎቹ አውቶሞቢሎች እንምጣ። መርሴዴስ በ1998 በኤስ ክላስ ሞዴሉ ሪሞቱን ከኪስ ማውጣት እንኳን የማያሻበት ዘዴ ይዞ ቀረበ። ባለቤቱ እጀታውን ሲነካ አውቶሞቢሉ በአንድ ሁለት ሜትር ርቀት ብቻ በሚሰማ ደካማ ድምፅ «አለህ ወይ?» ይላል፤ በኪስ ያለው ሪሞት ሰምቶ «አለሁ» ሲል በሩ ይከፈታል። ምቾቱ የማይካድ ነው። ነገር ግን አውቶሞቢሉ የሚያምነው «መልሱን የሰማሁ እንደሆነ ጌታዬ አጠገቤ ቆሟል» በሚል ግምት ነው። ግምቱስ እውነት ነው ወይ?

በደጋ አገር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰው መጥራት የፈለገ ከዚህ ኮረብታ ይጣራል፤ በመካከል ያለው ሰምቶ ያስተላልፋል፤ የማዶውም «አቤት» ሲል ምላሹ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሌቦቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንደኛው መሣሪያ ይዞ በአውቶሞቢሉ አጠገብ፣ ሁለተኛው ባለቤቱ በተኛበት ቤት በር አጠገብ ይቆማሉ። የአውቶሞቢሉን ጥያቄ ወደ ቤት፣ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የሪሞት መልስ ወደ ውጭ ያስተላልፋሉ። ምስጢሩን አልፈቱትም፤ የፈቱትም አያስፈልጋቸውም። የዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ8 ፋብሪካዎች የወጡ 10 ሞዴሎችን ፈትነው በሁሉም ላይ ይህ ዘዴ ሠርቶላቸዋል። የጀርመን የአውቶሞቢል ባለቤቶች ማኅበር የሆነው አዳክ ከ2016 ጀምሮ በመቶ የሚቆጠሩ ሞዴሎችን እየፈተነ አብዛኞቹ ለዚህ የተጋለጡ መሆናቸውን ሲያስታውቅ ቆይቷል።

ፋብሪካዎቹ ዝም አላሉም። ፎርድ በ2019 በአውሮፓ በሚሸጣቸው በፊየስታና በፎከስ ሪሞት ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያውቅ ነገር ጨመረ፤ ሪሞቱ ለ40 ሰከንድ ሳይነቃነቅ ከተቀመጠ ያንቀላፋል፣ ሌባው ቢጣራም አይመልስም። ከዚህ የሚበልጠው ግን ርቀትን በእርግጥ የሚለካው አዲሱ የራዲዮ ዘዴ ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አውቶሞቢሉ ጥያቄውን ከላከበት እስከ መልሱ ድረስ ያለፈውን ጊዜ በዚህ ያህል ጥራት ከለካ፣ በመካከል ሰው አስተላላፊ ቢኖር መዘግየቱ ያጋልጠዋል። ይህ ዘዴ ከ2018 ወዲህ በሬንጅ ሮቨር፣ ቀጥሎም በሌሎች ሞዴሎች ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «ያለ መክፈቻ ይከፈታል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይበቃም፤ «ሪሞቱ ያንቀላፋል ወይ? ርቀትስ ይለካል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ መልሱን ካላወቀ ከፋብሪካው ጠይቆ ይምጣ፤ የእኛ የሻጮች ሥራ ይኸው ነውና።

ይህ የሌለው አውቶሞቢል የያዘ ሰው ማታ ማታ ሪሞቱን ክዳኑ አጥብቆ በሚገጥም የብረት ሣጥን ወይም ለዚሁ ተብሎ በብረት ክር በተሠራ ከረጢት ውስጥ ያኑር። ሣጥኑ ሁሉ አንድ ስላልሆነ አስቀድሞ መፈተን ያሻል፤ ሪሞቱን ከነሣጥኑ ይዞ ወደ አውቶሞቢሉ ጠጋ ብሎ እጀታውን መንካት ነው። ከተከፈተ ሣጥኑ አይረባም።

የብረት ነገር ከተነሣ፣ ደንበኛችን ደስ የሚሰኙበት አንድ ወሬ አለኝ። በ2023 ይፋ በሆነ ምርመራ፣ ሌቦች በአንድ የቶዮታ ራቭ4 የፊት መብራት በኩል ወደ ውስጡ የሽቦ መስመር ደርሰው፣ ቁልፉን ከነጭራሹ ትተው፣ ለአውቶሞቢሉ ኮምፒዩተር «መክፈቻው ተረጋግጧል» የሚል የሐሰት መልእክት እንደሰጡት ታወቀ። እንዲህ ላለው ሌባ የራዲዮ ጥበብ ሁሉ ምንም አያደርግለትም። ከዚያ በኋላ የሚያግደው በመሪው ላይ የሚታሰረው ወፍራም ብረት ነው። መጋዝ ይዞ ማንኳኳት የሚወድ ሌባ ጥቂት ነው።

ሌላው ዘዴ መኪናውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን የሚወስደው ነው። በደቡብ አፍሪካ የገበያ አዳራሾች ማቆሚያ ሌቦች የሪሞቱን ሞገድ በሌላ ጩኸት ያፍኑታል፤ ባለቤቱ ሪሞቱን ተጭኖ የቆለፈ መስሎት ይሄዳል፤ በሩ ግን አልሰማም። ከባንክ ያወጣውን ገንዘብ ከወንበር ሥር ትቶ ለአንድ አፍታ ወደ ሱቅ ጎራ የሚል ነጋዴ (እንዲህ የሚያደርግ እንዳለ እናውቃለን) ይህን ይስማ። በተራ ሪሞት የሚቆለፍ ከሆነ እጀታውን ስቦ ማረጋገጥ ይገባል። ሪሞቱ በኪስ እያለ ሲነካ የሚከፈተው ዐይነት ከሆነ ግን እጀታ መሳብ አያረጋግጥም፤ መልሶ ይከፍተዋልና። በዚህ ጊዜ የመብራቱን ብልጭታ ወይም የስፖኪዮውን መታጠፍ በዐይን አይቶ መሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ የቀረኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት በጸሐፊነት ባገለገልሁበት ሌላ ንግድ ቤት አንድ ያገለገለ አውቶሞቢል ገዛን። ሻጩ አንድ መክፈቻ ብቻ አስረከበን፤ ሁለተኛው በመንገድ ጠፋ አለ። እኔም በርክክቡ ወረቀት ላይ «መክፈቻ፣ 1» ብዬ ጽፌ አስፈረምሁ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። አራት ወር ያህል እንዳለፈ በአንድ የእሑድ ጧት አውቶሞቢሉ ከመደብሩ ፊት ተወሰደ። ስባሪ መስታወት አልነበረም። ዘበኛው አንድ ሰው መጥቶ እንደ ባለቤት ከፍቶ፣ እንደ ባለቤት አስነሥቶ ሲሄድ አይቷል፤ ስለ ምን ይጠርጥር? ኢንሹራንሱ ሁለቱንም መክፈቻ አምጡ ሲል አንዱን ብቻ አቀረብን። ክርክሩ ከዓመት በላይ ፈጀ፤ አውቶሞቢሉም አልተገኘም። ያን ጊዜ የሞተር አጋጁ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ የሚያውቀውን ቃል ሰምቶ በሩን ለቀቀ። ቃሉን በሌላ ሰው እጅ የተውሁት እኔ ነኝ።

መፍትሔው ግን በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር። አንድ አውቶሞቢል ስንት መክፈቻ እንደሚያውቅ ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ያነብባል፤ በአንዳንዱም ሞዴል ከመሪው ፊት ባለው መስታወት ላይ ይታያል። በእጅ ያለው ሁለት ሆኖ አውቶሞቢሉ የሚያውቀው ሦስት ከሆነ፣ መካኒኩ ሁሉንም ሰርዞ በእጅ ያሉትን ብቻ መልሶ ይመዘግባል። የጠፋው ከዚያ በኋላ ሞተሩን አያስነሣም። በሥሩ የሚገኘው የብረት ስንጥር የበሩን ቀዳዳ ሊከፍት ይችላል፤ ስለዚህ ለበሩ የሚጨነቅ ሰው ቀዳዳውን ጭምር ያስለውጥ።

በስልክ የሚከፈቱት ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራሉ። አውቶሞቢሉ ከአንድ ሰው ስልክና ስም ጋር ተያይዞ ይመዘገባል። በመጀመሪያ በቻይና ወይም በዱባይ ያስመዘገበው ነጋዴ ስሙን ካላነሣ፣ አውቶሞቢሉ በጅቡቲ አልፎ፣ ጉምሩክ ተከፍሎበት፣ አዲስ አበባ ቆሞ ሳለ የሩቁ ሰው አሁንም ጌታው ነው። እኛ ዛሬ በርክክብ ወረቀታችን ላይ የምንጽፈው የሪሞቱን፣ የካርዱን፣ የተመዘገቡትን መክፈቻዎች ብዛትና የቀድሞው ስልክ መሰረዙን ነው፤ ገዢው ፊት ለፊት አይቶ ይፈርምበታል።

ያገለገለ አውቶሞቢል ከውጭ ለሚያመጣ ሰው አንድ መክፈቻ ብቻ መኖሩ ሌላም ነገር ሊነግረው ይችላል። የካናዳ ፖሊስ የተሰረቁ አውቶሞቢሎችን መዝገብ በ2024 ከኢንተርፖል መዝገብ ጋር ካገናኘ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚያ አገር የተሰረቁ ከ1500 በላይ አውቶሞቢሎች በልዩ ልዩ አገሮች ተለይተዋል፤ ብዙዎቹም በወደቦች ላይ። በ2025 በ12 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በተደረገ ፍተሻም 150 ያህል የተሰረቁ ተገኝተዋል። ርካሽ ዋጋ፣ አንድ መክፈቻና የተነካካ የሻንሲ ቁጥር ባንድነት ሲመጡ ገንዘብ ከመላክ መቆየት ይሻላል፤ ኋላ ዕቃውም ገንዘቡም አብረው ይሄዳሉ።

ስለ ሪሞቱ ባትሪ የሚጠይቁ ብዙዎች ስለሆኑ ባጭሩ ልመልስ። ባትሪው ሲያልቅ በሪሞቱ ውስጥ የተሸሸገውን የብረት ስንጥር ስቦ በሩን መክፈት ይቻላል። ከዚያ ሪሞቱን የአውቶሞቢሉ መጽሐፍ በሚያመለክተው ቦታ አስጠግቶ አዝራሩን መጫን ነው፤ ቺፗ ያለ ባትሪም ከዚያ ርቀት ትመልሳለችና።

ደንበኛችን በአሥራ አምስተኛው ቀን ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መጫወቻው ዛሬ እምቢ አለኝ፤ አጠገቡ ቆሜ እጀታውን ብነካው አይከፈትም» አሉ። ሪሞቱ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። ከሱቃቸው ሲወጡ የገንዘቡን የብረት ሣጥን በብብታቸው ይዘው ነበር፤ ሪሞቱም በውስጡ ነው። «ከሣጥኑ ያውጡት፣ ጋሼ» አልኋቸው።